ብሉቤሪን የሚያስወድደው አፈሩ ሳይሆን ሳምንቱ ነው

በዓለም የፍራፍሬ ንግድ ውስጥ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት እንደ ብሉቤሪ ከምንም ተነስቶ ቢሊዮን ዶላር ውስጥ የገባ ምርት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ በ2010 ገደማ ፔሩ ለውጭ ገበያ የምታቀርበው ብሉቤሪ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ2021 ግን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2024 ደግሞ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጣለች። ዛሬ ትኩስ ብሉቤሪ ወደ ውጭ በመላክ የዓለም ቀዳሚዋ እርሷ ናት።

እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ባለሀብት "ታዲያ እኛስ?" ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውን የሚያባብስ ሌላ ነገርም አለ። ብሉቤሪ ኮምጣጣ ወይም አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ በሀገራችን ደግሞ ገብስና ስንዴ አልበቅልበት ያለ አሲዳማ መሬት ሞልቷል። ሁለቱን ገጥሞ "መሬቱ ተገኘ፣ ገበያው ተገኘ" ለማለት ጊዜ አይፈጅም። ይሁን እንጂ የፍሬውን ጠባይና የገበያውን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ስሌቱ እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ከአፈሩ ይልቅ ፍሬው ገበያ የሚደርስበት ሳምንት ነው።

ፍሬው ምንድን ነው?

ብሉቤሪ በቁጥቋጦ ላይ በዘለላ የሚያፈራ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለዓይን አጋም የሚመስል ትንሽ ፍሬ ነው። ላዩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ነጣ ያለ ሽፋን የተፈጥሮ ሰም ነው። ገዢው ትኩስነቱን የሚገምተው በዚህ ሰም ነው፤ ብዙ እጅ የነካካው ፍሬ ሰሙ ይለቅና ይጠቁራል። የትውልድ ሀገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በዝምድናው በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው አስታ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል።

በንግድ ዓለም ሁለት ገበያ አለው። አንደኛው የበረዶ ገበያ ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛትና በምሥራቅ ካናዳ በዱር የሚበቅለው አጭር ቁጥቋጦ ምርቱ አብዛኛው ቀዝቅዞ ለዳቦ ቤትና ለእርጎ ፋብሪካ ይሄዳል። ሁለተኛው የትኩስ ፍሬ ገበያ ሲሆን፣ ረጅሙ ቁጥቋጦ የሚሰጠው ፍሬ በትናንሽ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ እየታሸገ ለሱፐርማርኬት ይቀርባል። ትልቁ ገንዘብ ያለው በሁለተኛው ነው።

ፍላጎቱን ያነሳሳው በከፊል የጤና ወሬ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ የተደረጉ የላቦራቶሪ ልኬቶች ብሉቤሪን "አንቲኦክሲደንት" ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንፃር ከፊተኞቹ ፍራፍሬዎች አሰለፉት። ነጋዴዎችም ቁጥሩን በየማስታወቂያው አራገቡት። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ግን በ2012 ያንኑ የልኬት ሠንጠረዥ ከድረ ገጹ አንስቶታል። ምክንያቱ በብልቃጥ የተለካው ቁጥር በሰው ሰውነት ውስጥ ስለሚሰጠው ጥቅም የሚናገረው ነገር የለም የሚል ነበር። ገበያው ግን በዚያ አልቀዘቀዘም። ፍሬው አይላጥም፣ ፍሬ ነገር አይተፋም፣ ልጅ በእጁ ቆንጥሮ ይበላዋል። ሸማቹን የያዘው ይህ ምቾቱም ጭምር ነው።

ከዱር ወደ እርሻ

ብሉቤሪ በእርሻ መመረት ከጀመረ ገና ከመቶ ዓመት ብዙም አልዘለለም። ቀደም ሲል አሜሪካውያን ገበሬዎች ከዱር እየነቀሉ ጓሯቸው ሲተክሉት ይደርቅባቸው ነበር። ምክንያቱን ያገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኮቪል ነው። ኮቪል በ1910 ባሳተመው ጥናት ተክሉ የሚፈልገው ገበሬው "ጥሩ አፈር" የሚለውን ሳይሆን ሌሎች ሰብሎች የሚሸሹትን ኮምጣጣ አፈር መሆኑን አስታወቀ። ለም ተብሎ በኖራና በፍግ የታከመው መሬት ለብሉቤሪ መርዝ ነበር።

ጥናቱን ካነበቡት አንዷ በኒው ጀርሲ ኋይትስቦግ በተባለ ቦታ የቤተሰቧን እርሻ የምታስተዳድረው ኤልዛቤት ኋይት ነበረች። ለኮቪል ጻፈችለት፤ አብረውም መሥራት ጀመሩ። ኋይት ለአካባቢው የዱር ፍሬ ለቃሚዎች መለኪያ ሰጥታ፣ ከመለኪያው ቀዳዳ የማያልፍ ትልልቅ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ላሳያት ሁሉ ገንዘብ ትከፍል ነበር። ቁጥቋጦውም በአግኚው ስም ይጠራል። ሩብ ሊክ የተባለው ሰው ያገኘው "ሩቤል" ተብሎ እስከ ዛሬ ይተከላል። የመጀመሪያው የእርሻ ብሉቤሪ ለገበያ የቀረበው በ1916 ነው። ሊቁ ዕውቀቱን፣ ነጋዴዋ ዓይኗንና ገንዘቧን፣ ለቃሚው ጫካውን ማወቁን አዋጥተው አንድ ኢንዱስትሪ ወለዱ ማለት ይቻላል።

ኮምጣጣ አፈር፣ ኮምጣጣ ውሃ

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ብሉቤሪ የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5.5 ያለው ነው። ልኬቱ በአንድ ቁጥር ሲወርድ ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ስለሚጨምር 6.5 የሆነን መሬት ወደ 4.5 ማውረድ ማለት መቶ እጥፍ መለወጥ ነው። ፒኤች ከፍ ካለ ተክሉ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል፤ ዕድገቱም ይቆማል።

መሬቱን ለማኮምጠጥ የሚጨመረው ድኝ ነው። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በመሆናቸው ሥራው ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከተከላው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ከሆነ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ ኖራው አሲዱን እየበላ ይመልሰዋል።

ሌላው ነገር ሥሩ ነው። የብሉቤሪ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከመሬቱ ላይኛ ክፍል የማይርቅ፣ ሌሎች ተክሎች ውሃና ምግብ የሚስቡበት ጭገር የሌለው ነው። በጠነከረ ሸክላ ውስጥ አይሄድም፣ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል፣ ሁለት ቀን ውሃ ካጣ ይደርቃል። በመሆኑም ሰጋቱራ፣ የጥድ ቅርፊት ወይም ብስባሽ የሚጨመርበት ከፍ ያለ መደብ ይሠራለታል። ማዳበሪያውም ቢሆን ናይትሮጅንን በአሞኒየም መልክ የያዘ መሆን አለበት። የናይትሬት ማዳበሪያ ብዙም አይጠቅመውም።

ከሁሉም በላይ ባለሀብቱ ሊረሳው የማይገባው የመስኖ ውሃው ነው። አፈሩ የቱንም ያህል ኮምጣጣ ቢሆን፣ ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ በየቀኑ ሲጠጣ ፒኤቹ ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ትልልቆቹ እርሻዎች በጠብታ መስኖው መስመር ውስጥ አሲድ እየጨመሩ ውሃውን ራሱን ያኮመጥጡታል። ብዙዎቹም ከአፈር ጋር መታገሉን ትተው በኮኮናት ቃጫ በተሞላ ማሰሮ መሰል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይተክላሉ። አፈሩ ወሳኝ አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ ያለው አፈሩን ይሠራዋል።

ብርድ የሚቆጥር ተክል

ኮቪል ሌላም ነገር አግኝቷል። ክረምቱን በሙቅ መስታወት ቤት ያሳለፉ ብሉቤሪዎች ጸደይ ሲመጣ አላቆጠቆጡም፤ ብርድ ላይ የቆዩት ግን አበቡ። በ1920 ያሳተመው ይህ ግኝት ተክሉ "ብርድ እንደሚቆጥር" አሳየ። የሰሜኖቹ ዝርያዎች ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። በሞቃት ሀገር ቢተከሉ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጡም።

ይህን በር የከፈቱት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አዳቃዮች ናቸው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የሰሜኑን ትልቅ ፍሬ ቅጠሉ ከማይረግፈው የፍሎሪዳ የዱር ብሉቤሪ ጋር አዳቀሉ። በዚህ መንገድ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው "የደቡብ" ዝርያዎች ተወለዱ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በ1998 ያወጡት "ቢሎክሲ" የተባለው ዝርያ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢሎክሲ የታሰበው ለሚሲሲፒ አካባቢ ቢሆንም ዕድሉ የወጣው በፔሩ በረሃ ነው።

ፔሩ ምን አደረገች?

የፔሩ ባሕር ዳርቻ ዝናብ የማያውቅ አሸዋማ በረሃ ነው። አሸዋው ኮምጣጣ አይደለም፣ ብስባሽም የለውም። ነገር ግን ላ ሊበርታድ በተባለው ክልል መንግሥት ያስቆፈረው የቻቪሞቺክ ቦይ ከአንዲስ ተራሮች የሚወርደውን የሳንታ ወንዝ ውሃ በረሃው ላይ አድርሶታል። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ለዘብ ያለ ነው። ዝናብ ስለሌለ ፍሬ አይሰነጠቅም፣ ሻጋታ አያጠቃውም። ቅጠሉም ስለማይረግፍ ተክሉ "የሚተኛበት" ወቅት የለውም።

ይህም ለገበሬው ትልቅ ሥልጣን ሰጠው። ፍሬው የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው ወቅቱ መሆኑ ቀርቶ ቁጥቋጦው የተገረዘበት ቀን ሆነ። ፔሩውያንም የቀን መቁጠሪያውን አጠኑ። የአሜሪካና የአውሮፓ እርሻዎች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያጥለቀልቁና ያልቃሉ። የደቡቡ ንፍቀ ክበብ አለቃ የነበረችው ቺሊ ዋና ምርቷን የምታወጣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት መደርደሪያው ባዶ፣ ዋጋውም የናረ ነበር። ፔሩ ገብታ የተቀመጠችው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። የሸጠችው ብሉቤሪን ብቻ ሳይሆን ብሉቤሪ የሌለበትን ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳምንቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው 2023 አሳይቷል። በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ የፔሩን ባሕር ዳርቻ አሞቀው፤ አበባው ተዛባ፣ ምርቱም በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም ፍሬ በመጥፋቱ ዋጋው ከመወደዱ የተነሳ የሀገሪቱ ጠቅላላ የሽያጭ ገቢ ካለፈው ዓመት በልጦ ተገኘ። ጥቅሙ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ገቢው የጨመረው ፍሬ ለተረፈለት እርሻ ነው።

የቺሊ ትምህርት

ለባለሀብት ከፔሩ ታሪክ ይልቅ የሚጠቅመው የቺሊ ነው። ቺሊ ብሉቤሪን የጀመረችው ፔሩ ከማሰቧ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድማ ነው። አፈሩ ነበራት፣ ብርዱ ነበራት፣ ወደቡና ልምዱም ነበራት። ነገር ግን ከፔሩ የሚወርደው ምርት እየበዛ ሲሄድ በገበያው ላይ እየቆየ የቺሊን ወቅት መጀመሪያ መብላት ጀመረ። የቺሊ ነጋዴ ፍሬውን ይዞ ሲደርስ የሱፐርማርኬቱ ገዢ እጁ ሞልቶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ችግር የዝርያ እርጅና ነው። ቺሊ ቀደም ብላ የተከለቻቸው ዝርያዎች ረጅሙን የባሕር ጉዞ ጠንክረው የሚያልፉ አልነበሩም። ለስልሰው የደረሱ ፍሬዎች ስሟን ጎዱት። ለዚህም የሀገሪቱ ላኪዎች ማኅበር አሮጌ ዝርያዎች እንዲነቀሉ ሲወተውት ቆይቷል። ብሉቤሪ በደንብ ከተያዘ አሥርተ ዓመታት የሚኖር ተክል ነው፤ ገበያው ግን ያን ያህል አይጠብቀውም።

አሁን ደግሞ ተራው የፔሩ ራሷ ሊሆን ይችላል። ትናንት ባዶ የነበረው የመስከረምና የኅዳር መካከል ዛሬ የራሷ የፔሩ ምርት ጎርፍ የሚወርድበት ሆኗል። በኅዳር 2024 የተከፈተው የቻንካይ ወደብ ወደ ሻንጋይ የሚወስደውን ጉዞ ወደ 23 ቀን ገደማ አሳጥሮላታል። ነገር ግን ቻይናም በዩናን ግዛት በሰፊው እየተከለች ከዓለም ትላልቅ አምራቾች ተርታ ገብታለች። ሞሮኮና ስፔን ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለውን የአውሮፓ ገበያ ይዘዋል። ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ይልካሉ፤ ኬንያም ጀምራለች። ክፍት የነበሩት ሳምንታት አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው።

ከቁጥቋጦው እስከ መደርደሪያው

ብሉቤሪ አንዴ ከተለቀመ በኋላ እንደ ሙዝ እቤት ተቀምጦ አይጣፍጥም፤ የተለቀመበትን ጣዕም ይዞ ይቀራል። በአንድ ዘለላ ላይ ያሉት ፍሬዎችም በአንድ ቀን አይበስሉም። ስለዚህ ለቃሚው በየሳምንቱ ገደማ እየተመላለሰ የደረሰውን ብቻ በእጁ ይመርጣል። የትኩስ ብሉቤሪ ትልቁ ወጪ የሰው ጉልበት የሆነውም በዚሁ ነው።

ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያም ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ፣ 90 በመቶ በሚያልፍ እርጥበት ይጓዛል። በባሕር የሚሄደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠኑ በተመጠነ ኮንቴይነር ይጫናል። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግራጫው ሻጋታ ይነሳል። አንድ የሻገተ ፍሬ ደግሞ ዕቃውን ሙሉ ያስጥላል።

የክፍያውም ሥርዓት መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ፍሬው የሚላከው በአደራ ሽያጭ ነው። ዋጋው የሚታወቀው ተቀባዩ ከሸጠ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ ኮሚሽኑ፣ ማጓጓዣው፣ መጋዘኑና የተበላሸው ተቀንሶ ቀሪው ለአምራቹ ይደርሳል። ዝቅተኛ ዋስትና ያለው ዋጋ ያልተዋዋለ አምራች የሌላውን ሰው ገበያ ኪሳራ ተሸካሚ ይሆናል።

በተጨማሪም የዛሬዎቹ ተፈላጊ ዝርያዎች ባለቤት አላቸው። ቢሎክሲን ማንም ሊተክለው ይችላል። ነገር ግን ሱፐርማርኬቶች የሚመርጧቸው ትልልቅና ጠንካራ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች የሚሰጡት በፈቃድ ነው። አንዳንዱ ባለቤት ለችግኙ ያስከፍላል፤ ሌላው ከምርቱ ድርሻ ይወስዳል፤ ሌላው ደግሞ ፍሬውን ራሱ ካልሸጠው አይሰጥም። በሀገራችን የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1068/2017 በመሆኑ ችግኝ በጆንያ አስገብቶ ማባዛት የሚታሰብ አይደለም።

ለእኛ ሲመዘን

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነገራል። እንጅባራ፣ ነጆና ጨንቻ ከሚታወቁት አካባቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ አፈር በአብዛኛው ብስባሹ የተሟጠጠ ቀይ ሸክላ ነው፤ የፒኤቹ ቁጥር ቢስማማም የአፈሩ ሁኔታ ለቀጭኑ ሥር አይመችም። ለማስተካከል የሚወጣው ወጪ ከአሸዋ ላይ ከመጀመር ላያንስ ይችላል። የአበባ እርሻዎች የሰፈሩበት ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ውሃው ባይካርቦኔት የሚበዛበት በመሆኑ አሲድ መጨመር ግድ ይላል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። ከአበባ እስከ ብስለት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል ብንል፣ በመስከረምና በጥቅምት ለመልቀም ተክሉ በሰኔና በሐምሌ ማበብ አለበት። ይህ ዋናው ክረምት ነው፤ ንብ አይወጣም፣ አበባው ይሻግታል። ያለ ፕላስቲክ ቤት አይሆንም ማለት ነው። በበጋ እንልቀም ብንል ደግሞ መጀመሪያ ቺሊ፣ ቀጥሎ ሞሮኮና ስፔን ይጠብቁናል፤ በደጋው የጥቅምትና የኅዳር ውርጭም አበባ ያቃጥላል።

ንቡም ቢሆን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የብሉቤሪ አበባ አፉ እንደ ማሰሮ የጠበበ ነው። ክንፉን እያንዘረዘረ የአበባውን ዱቄት የሚያራግፈው ባለፀጉሩ ትልቅ ንብ በአውሮፓና በአሜሪካ ይገኛል፤ ከሰሃራ በታች ግን በተፈጥሮ የለም። የማር ንብ ይህን ማንዘርዘር ስለማያውቅ ቀፎ በብዛት ማስገባት ያስፈልጋል። ቀፎው በሀገራችን አይቸግርም።

ከጥሩ ጎኑም መዘንጋት የለበትም። ለአበባ ንግድ የተሠራው የቦሌ አየር ማረፊያ የቀዝቃዛ ጭነት አገልግሎት አለ። የባሕረ ሰላጤው ገበያ የጥቂት ሰዓት በረራ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረትም ያለ ቀረጥ መግባት ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ ማግኘትም ለኬንያ ወይም ለሞሮኮ ከሚከብደው አይብስም። እንግዲህ ዕድሉ ያለው ፔሩን ለመቅዳት በመሞከር ላይ ሳይሆን፣ የቅርቡ ገዢ የሚያጣቸውን ጥቂት ሳምንታት ለይቶ ለእነዚያ ብቻ በመትከል ላይ ነው።

ከመፈረም በፊት

የብሉቤሪ ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ደላላም ሆነ አማካሪ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። አንደኛ፣ ፍሬው በየትኛው ሳምንት ይደርሳል፤ በዚያ ሳምንት ገበያው ላይ ያለው ማን ነው? ሁለተኛ፣ የአፈሩ ብቻ ሳይሆን የውሃው ላቦራቶሪ ውጤት የት አለ? ሦስተኛ፣ ዝርያው የማን ነው፣ ባለቤቱስ ምን ይወስዳል? አራተኛ፣ ገዢው የሚገዛው በቁርጥ ነው ወይስ በአደራ? አምስተኛ፣ ሙሉ ምርት እስኪገኝ ባሉት ዓመታት የባንኩን ወለድ የሚከፍለው ከምን ገቢ ነው?

በአፈሩ ጀምሮ በአፈሩ የሚጨርስ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሁለትና ሦስት ሄክታር ላይ በተለያዩ ወራት እየገረዙ ሁለት ዓመት መሞከር ከመቶ ሄክታር ብድር ይቀድማል። የዚያ ሙከራ ውጤት በእጁ ያለ ሰው ከባንክም ሆነ ከገዢ ጋር የሚነጋገረው በተስፋ ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።